ስትጨፍር አታልቅሱላት

ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አለ። ባለፈው ጥር የቤተሰብ ሰርግ ላይ የተቀረፀ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ። ዲጄው ጎንደርኛ ከፍቷል፣ ሚዜዎቹ ተደርድረው እስክስታ እየመቱ ነው፣ ከረድፉ ጫፍ ላይ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አለች። ቤት ውስጥ "ሚጣ" ነው የምንላት። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ እስካሁን ሚጣ ናት። (ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለዛሬ እንለፈው።)

ሚጣ ዳውን ሲንድረም አለባት። ቪዲዮው ላይ ትከሻዋ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ከበሮው ድንገት ቀጥ ይላል። ሚዜዎቹ አልጠበቁትም፤ ሁለት ሦስት ምት አልፈው ነው የቆሙት። እሷ እዛው ምቱ ላይ ደርቃ ቀርታለች። ትከሻዋ ወደ ላይ፣ አገጯ ወደ ጎን፣ ዓይኗ ካሜራው ላይ። ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

ቪዲዮው የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። "ስታሳዝን!" "የኔ ምስኪን፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።" የሚያለቅሱ ኢሞጂዎች መዓት። የሙሽራዋ እህት የጨፈረችበት ቪዲዮ ሥር ደግሞ "እሳት!" እና "የት ነው የተማርሽው?" ተብሎ ተጽፏል። ሚጣን የት ተማርሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። መልስ ግን አላት። ቲክቶክ ላይ ነው የተማረችው፤ ስልኩን ቁም ሣጥን ላይ አስደግፋ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ አንዱን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ እየመለሰች።

ከሰርጉ በኋላ "ዳንስ መማር እፈልጋለሁ" አለች። አክስቴና እኔ ይዘናት ወደ አንድ ማሠልጠኛ ሄድን። ምዝገባ ላይ የተቀመጠው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር አምጥቶ አስቀመጠን። ከዛ ሚጣን አየት አድርጎ ለአክስቴ "ማዘር፣ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የሚሆን ክፍል የለንም። ሌሎቹም እንዳይረበሹ... ለእነሱ ተብሎ የተዘጋጀ ማዕከል ብትሞክሩ ይሻላል" አላት። አንድ እርምጃ ስትራመድ እንኳን ሳያያት። ሚጣን ራሷን አንድም ቃል አላናገራትም።

ታክሲ ውስጥ ሚጣ "መቼ ነው የምጀምረው?" አለች። አክስቴ "ቅዳሜ" አለቻት። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተናገረችም።

ልጁ "ማዕከል" ሲል ምን እያሰበ እንደነበር ይገባኛል። አገራችን ውስጥ ያሉትን ማዕከላት አብዛኛውን ጊዜ የከፈቷቸው ችግሩ ቤታቸው የገባ ወላጆች ናቸው። የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራቸው ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ለዚሁ ሲሟገቱ ኖሩ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ለብዙ ልጆች ሕይወት ነው። ሚጣ ግን ልጅ አይደለችም። የልዩ ፍላጎት ክፍሏን ጨርሳ፣ ዕድሜዋ አልፎ ቤት የገባች ወጣት ናት። ሕክምናም ሞግዚትም አልጠየቀችም። የጠየቀችው እናንተ ሃያ ዓመት ሲሞላችሁ የጠየቃችሁትን ነው፤ ከእኩዮቿ ጋር በሳምንት ሁለት ሰዓት።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት መማር አለመቻል አይደለም። አዲስ ነገር ለመያዝ፣ ረዘም ያለ ማብራሪያ ለመከተል፣ የተማሩትን ሌላ ቦታ ለመጠቀም ተጨማሪ ጊዜና ሌላ መንገድ ያስፈልጋል ማለት ነው። መጠኑ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ዳውን ሲንድረም ከመነሻዎቹ አንዱ ነው፤ ሃያ አንደኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን የሚመጣ። የዓለም ቀኑ በ3ኛው ወር 21ኛ ቀን፣ በእኛ መጋቢት 12፣ የሚከበረውም ለዚህ ነው።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሌላ አገር ምን እንደሚሠራ ስፈልግ ነበር። በጣም ያስገረመኝ የዙሪኩ ቴአትር ሆራ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ተዋንያኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ባለሙያዎች የሆኑ ቡድን ነው። ጄሮም ቤል የሚባል ታዋቂ ፈረንሳዊ ኮሪዮግራፈር በ2012 እ.ኤ.አ. ከእነሱ ጋር "ዲሴብልድ ቲያትር" የሚል ሥራ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተዋንያኑ አንድ በአንድ ወጥተው ምንም ሳይሠሩ አንድ ደቂቃ ተመልካቹን እያዩ ይቆማሉ። አንድ ደቂቃ! ሚኒባስ ውስጥ ሚጣን አፍጥጠው ለሚያዩ ሰዎች እሷም መልሳ አንድ ደቂቃ አፍጥጣ ብታያቸው ምን ይሰማቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዛ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ሙያቸውን ይናገራሉ። ሙያ ሲባል "ተዋናይ" ነው የሚሉት። በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ራሳቸው በመረጡት ሙዚቃ፣ ራሳቸው የፈጠሩትን ጭፈራ ያቀርባሉ።

ዋናው ነገር ያለው ግን እዚህ ጋ ነው። ቤል ከጭፈራዎቹ ሰባቱን ብቻ መርጦ ነበር። ተዋንያኑ መድረክ ላይ ስለ ሥራው ያላቸውን አስተያየት እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ያልተመረጡትም ይናገራሉ፤ ከዛ በኋላ የቀሩትም ወጥተው ይጨፍራሉ። መምረጥ ጭካኔ ነው ያሉ ተቺዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሰዎቹን ለትርኢት ማቅረብ ነው አሉ። እኔ ግን ሳስበው፣ ዳንሰኛን ዳንሰኛ ነው ካልክ ትመርጣለህ፤ የሚጥልህም የማይጥልህም ይኖራል። ሁሉንም እኩል ማጨብጨብ አክብሮት ይመስላል እንጂ አለማየት ነው። ከእነዚያ ተዋንያን አንዷ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባት ጁልያ ሆይዘርማን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በበርሊኑ የቴአትር ፌስቲቫል ለወጣት ተዋንያን የሚሰጠውን የአልፍሬድ ኬር ሽልማት ወስዳለች። ሽልማቱ የአካል ጉዳተኞች ዘርፍ የሚባል ነገር የለውም። ከሌሎች ወጣት ተዋንያን ጋር ተወዳድራ ነው ያሸነፈችው።

እንግሊዝ ደግሞ ነገሩ ቆየት ብሏል። ለንደን ውስጥ ኮራሊ የሚባለው ቡድን በ1989 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። ስቶፕጋፕ የሚባለው ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ.። ስቶፕጋፕ ውስጥ ክሪስ ፓቪያ የሚባል ዳውን ሲንድረም ያለበት ዳንሰኛ ሠርቷል፤ መጨፈር ብቻ ሳይሆን ኮሪዮግራፈር ሆኖ ለሌሎች ዳንሰኞች ሥራ ፈጥሯል። እሱ ከዳንሰኞቹ አንዱ የነበረበት "አርቲፊሻል ቲንግስ" የተሰኘው የቡድኑ ሥራ እንግሊዝ ውስጥ ዳንስን እንደ ትምህርት ወስደው ብሔራዊ ፈተና ለሚፈተኑ ተማሪዎች ከተመደቡት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ገባችሁ? የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች እነዚህን ዳንሰኞች አጥንተው ነው የሚፈተኑት። "ስታሳዝን" ብለህ ብትጽፍ ዜሮ ነው የምታገኘው።

የስቶፕጋፕ አሠራር ውስጥ አንድ የወደድኩት ነገር አለ፤ "መተርጎም" ይሉታል። አስተማሪው እንቅስቃሴ ያሳያል፣ እያንዳንዱ ዳንሰኛ ወደ ራሱ ሰውነት ይተረጉመዋል። በዊልቸር ላለው ዝላይ ምንድነው? የጡንቻ መላላት ላለበት ሰው ፈጣን ትከሻ ምንድነው? ትርጉሙ ደካማ ከሆነ ድገመው ትባላለህ። ማንም እንደፈለገ ይሁን የሚባልበት ክፍል አይደለም።

"እሱ አውሮፓ ነው" እንዳትሉኝ። አዲስ አበባ ከብዙ ከተሞች ቀድማ በዚህ መንገድ ተራምዳለች። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ሥራ አቀረበ። ከዛ አዱኛ የኮሚዩኒቲ ዳንስ ቲያትር ተወለደ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ለ2004 እና 2005 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ በጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠልጥኗል። ዳንሰኞችን ከነጉዳታቸው የሚያቅፈውን ካንዶኮ የተባለ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚንም አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሠርቷል። አዱኛ ፖቴንሺያልስ የተባለው፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ዳንሰኞች ቡድን የወጣው ከዚያ ሥራ ነው። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ።

የዚያ ጊዜ ጉዳይ ግን በዋናነት የአካል ጉዳት ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አካል ጉዳት ላለበት ሰው ራምፕ ትሠራለህ፣ ሊፍት ታስገባለህ፤ እንቅፋቱ ይታያል። ለሚጣ በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃውን እየሮጠች ነው የምትወጣው። የሷ እንቅፋት የአስተማሪው ፍጥነት ነው፤ "አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ በግራ፣ ዞር፣ ከመጀመሪያው!" የሚለው። ለፍጥነት ራምፕ የሚሠራለት መሐንዲስ የለም።

ግን ይሠራል። የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንደኛው ነገር ማውራት መቀነስ ነው። አሳይ፣ ቆይ፣ ድገም። ብዙ አስተማሪዎች ተማሪው ሲዘገይ ወዲያው ሌላ ማብራሪያ ይጨምራሉ፤ ያኔ የመጀመሪያውን እያሰላሰለ የነበረው ሰው ሁለተኛው ይወርድበታል። ዝም ብሎ እስከ አሥር መቁጠር ይሻላል። ፊት ለፊት ቆሞ ማሳየትም ግራና ቀኝን ያምታታል፤ ጀርባ ሰጥቶ ወይም ጎን ለጎን ሆኖ መሥራት ይቀላል። ክፍሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዘፈን ቢጀምርና በአንድ ዓይነት ዘፈን ቢያልቅ፣ ሰዓት ማንበብ የሚከብደው ሰው እንኳን የት ላይ እንዳለ ያውቃል። ረዳት ካለ ደግሞ ተማሪው አጠገብ እንደ ዘበኛ አይቆምም፤ ረድፉ ውስጥ ገብቶ ይጨፍራል። ሚጣ የምትቀዳው ከፊቷ ካለው ሰው ነው፤ እኔም ሰርግ ላይ የማደርገው እሱኑ ነው፣ ልዩነቱ ማንም አያዝንልኝም።

የእኛ ጭፈራዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንም። የትግርኛውን ክብ ውሰዱ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ከበሮው እግርህን ይነዳዋል፣ ከዛ ምቱ ሲፈጥን ሁሉም ፊት ለፊት ዞሮ ትከሻውን ይለቃል። መቼ መቀየር እንዳለበት የሚነግርህ ሰው አያስፈልግም፣ ከበሮው ይነግርሃል። አዲስ ሰው መሃል ቢገባ ክቡ ይዞት ይሄዳል። መድረክ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰልፎ መጨፈር እኮ ቴአትር ቤቶቻችን ከጊዜ በኋላ ያመጡት ነገር ነው፤ ጭፈራው ራሱ መንደር ውስጥ ሽማግሌም ሕፃንም የሚገባበት ነበር።

ጥንቃቄ የሚፈልግም አለ፣ እሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ የልብ ችግር ይኖራቸዋል፤ ስለዚህ ወደ ክፍል ከመግባት በፊት ሐኪም ማየት አለበት። መገጣጠሚያቸው ላላ ያለ ነው፣ የላይኛው የአንገት አጥንት መገጣጠሚያም ጭምር። ጭንቅላት በኃይል የሚወረወርባቸው ጭፈራዎችና መገለባበጥ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከሩም። የመስማት ችግርም የተለመደ ነው፤ "አትሰማም እንዴ?" የምትባለው ልጅ ምናልባት በእውነት አልሰማች ይሆናል። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ወይም ከበሮው አጠገብ አቁሟት። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ ያው ድምፅ ሊያሰቃየው ይችላል። ስለዚህ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሕግ የለም፣ መጠየቅ ነው። እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ራሷን።

አሁን ወደማውቀው ልሂድ፤ ሒሳብ። ኢኮኖሚክስ አጥንቼ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም "አይቻልም፣ ወጪ አለው" ሲባል "ስንት?" ማለት መቻል ነው።

ምሳሌ ብቻ ነው፣ ቁጥሮቹን እንደየሰፈራችሁ ቀይሩ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ያሉት የቅዳሜ ክፍል እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 1,500 ብር ይከፍላል። አዳራሹ ተከራይቷል፣ ስፒከሩ አለ፣ አስተማሪው ቆሟል። ሚጣ አሥራ ሦስተኛ ሆና ስትገባ ከእነዚህ አንዱም አይጨምርም። የሚጨምረው ረዳት ነው፤ በቅዳሜ 500 ብር ብንከፍለው በወር 2,000። ሚጣም እንደማንኛውም ሰው 1,500 ትከፍላለች። ቀሪው ጉድለት 500 ብር ነው። ለአሥራ ሁለቱ ሲካፈል በወር 42 ብር ገደማ። ማኪያቶ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ሚጣ ሁለት ተማሪ ገቡ እንበል፣ ረዳቱ ያው አንዱ ነው፤ 3,000 ገባ፣ 2,000 ወጣ። ማሠልጠኛው አተረፈ። ያ የምዝገባው ልጅ "ወጪ" ብሎ ያሰበው ነገር ገበያ ነበር።

በሌላ በኩል ያለውን ሒሳብ ደግሞ ማንም አይጽፈውም። አክስቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ሚጣ ትምህርቷን ስትጨርስ ቤት ብቻዋን መተው ስላልተቻለ ሥራዋን ለቀቀች። ደሞዟ፣ ጡረታዋ፣ ከሰው ጋር ምሳ የምትበላበት ሰዓት፣ ሁሉም ሄደ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ሥራ አይመልስላትም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን "ዛሬ ምን ሠራችሁ?" ሲባሉ ሁለቱም የሚመልሱት የተለያየ ነገር ይኖራቸዋል።

ሕግም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስለ ባህል ሕይወት ነው፤ አካል ጉዳተኞች የጥበብ አቅማቸውን የሚያሳድጉበትን ዕድል መንግሥታት እንዲያመቻቹ ይላል። ምክንያት አድርጎ የሚጠቅሰውም የእነሱን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡን መበልጸግ ጭምር ነው። እኛ ጋ አንቀጹ በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር 24 በአካል ጉዳተኞች ቀን፣ አዳራሽ ውስጥ የሚፈጸም ይመስላል። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይጨፍራሉ፣ እንግዶች ያለቅሳሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውኃ ይታደላል። ከኅዳር 25 ጀምሮ የት ነው የሚጨፍሩት?

ወደ ሚጣ ልመለስ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ወጣት ማዕከል ባህላዊ ዳንስ ያስተምራል። ነገሩን ሳጫውተው "አላውቅበትም" አለኝ። "እኛም አናውቅበትም" አልኩት። ለአራት ቅዳሜ እንሞክር ተባባልን። ረዳቷ ከነባር ተማሪዎቹ አንዷ ሆነች፣ በትራንስፖርት ብር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አልተሳካም፣ እውነቱን ልናገር። ሚጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ግቢ ብንላት አሻፈረኝ አለች። ሁለተኛው ላይ ገባች፣ ግን ረድፉን ትታ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። አንዷ ተማሪ "እሷ ካለች ቪዲዮ አንሠራም እንዴ?" ስትል ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ክቡ ውስጥ ገባች፣ ክቡም ይዟት ዞረ። ያቺው ልጅ መዞሪያው ላይ ክንዷን ይዛ ስታዞራት አየሁ፤ ስለ ቪዲዮ የተናገረችው ራሷ።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ አክስቴ ቤት ስደርስ ሚጣ አኩርፋለች። "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ቲቸር ተቆጣኝ።"

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "አዎ፣ ተቆጥቻታለሁ" አለኝ። "ትከሻዋን በደንብ ትሠራዋለች፣ ግን እግሯን ትጎትታለች። አምስት ጊዜ ነገርኳት። ከበሮው ሲቆም የምታደርጋትን ነገር ደግሞ ለሁሉም እንድታሳይ አድርጌያታለሁ፣ ነገረችህ? ግን እግሯን ትለማመድ በላት። እና ደግሞ ሚጣ ሚጣ አትበሏት፣ እዚህ በስሟ ነው የምጠራት።"

ስልኩን ዘግቼ ስዞር መስታወቱ ፊት ቆማለች። ሙዚቃ የለም። እግሯን እያየች፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።

"ዞር በል" አለችኝ፣ "ጋረድከኝ።"